አይብና አትክልት በሕፃኑ እጅ

ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናቱ ጡት ብቻ እንደሚበቃው ያልሰማች እናት በምንሠራባቸው ቀበሌዎች ዛሬ ብዙ አትገኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት የደከሙበት ትምህርት ነውና ፍሬው ይታያል። ከስድስተኛው ወር በኋላ ስላለው ጊዜ ግን እንዲህ ለማለት አንደፍርም። በብዙ ቤት ለሕፃኑ የሚቀርበው ቀጭን ሙቅ ነው፤ ሙቅ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይገነባም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም ተገቢ የሆነውን ዝቅተኛ አመጋገብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር በአብዛኛው የሚጀምረው በእነዚህ የሙቅ ወራት ነው፤ ሁለተኛው ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ የጎደለውን መመለስ እጅግ ያስቸግራል።

የዚህ እትም ትምህርታችን አንድ ቀላል ምግብን ይመለከታል። አትክልትና አይብ ተለውሶ፣ ጣት አክሎ ተድቦልቡሎ፣ በመጥበሻ በስሎ ሕፃኑ ራሱ በእጁ ይዞ የሚበላው ነው። አሠራሩን ለማስተማር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ስናስተምር የሚነሣው ጥያቄ ግን ከምግቡ ይከብዳልና ከአሠራሩ ቀጥሎ እንመጣበታለን።

ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ምግቡ የላመ ይሁን፤ ውኃ ግን አይሁን። ከማንኪያ ላይ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ቀጥኗል። ስምንት ወር ገደማ ሲደርስ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል፣ ያገኘውን ሁሉ ጨብጦ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ጥርስ ባያወጣም በድዱ ያኝካል። በእጅ ተይዞ የሚበላ ምግብ የሚጀመረው በዚህን ጊዜ ነው። ጥርሱ እስኪወጣ የሚጠብቁ እናቶች ያጋጥሙናል፤ የሕፃን ድድ የበሰለ ድንች ለመጨፍለቅ በቂ ብርታት ስላለው መጠበቁ አያስፈልግም። እንዲህ ያለው አመጋገብ ልጁን አስተኝቶ ሙቅ ከመጋት ልማድም ያላቅቃል። የሚጋት ሕፃን ምግቡ ወደ መተንፈሻው ሊገባበት ይችላል፤ ምግብ ባየ ቁጥር ፊቱን የሚያዞርም ይሆናል። በእጁ የሚበላው ግን ሲርበው ይወስዳል፣ ሲጠግብ ይተዋል። ፊቱንና ልብሱን መለወሱ አይቀርም፤ ይታገሡት።

አይብን የመረጥነው በገጠሩ ቤት ስለሚገኝ ነው። ወተት ረግቶና ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ገላ የሚገነባው ፕሮቲንና አጥንት የሚያጠነክረው ካልሲየም በአይቡ ይገኛሉ። ሆኖም አይብ ብቻውን የሕፃን ምግብ አይሆንም፤ ሁለት ነገሮች ይጎድሉታልና። ቅቤው አስቀድሞ ስለተወሰደ ስቡ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት እንጨምርበታለን። ይህ ስብ ለአትክልቱም ይጠቅማል፤ በካሮት፣ በዱባና በብርቱካንማው ስኳር ድንች ያለው፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ንጥረ ነገር ያለ ስብ በሚገባ አይወሰድም። ሁለተኛው የሚጎድለው የብረት ማዕድን ነው። ለዚህም እንቁላልና የሽምብራ ዱቄት እንጨምራለን፤ በሌላ ማዕድ ደግሞ፣ ሲገኝ፣ በደንብ የበሰለና የላመ ጉበት ወይም ሥጋ ሊሰጠው ይገባል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። አይብ የሚወጣበት እሳት ለስላሳ በመሆኑ፣ በተለይ ወተቱ አስቀድሞ ያልፈላ ከሆነ፣ ተሕዋስያንን አያጠፋም። ስለዚህ ለሕፃን የሚሰጥ አይብ ዳግመኛ መብሰል አለበት። በጤና አዳምና በሚጥሚጣ የተሰናዳው የአዋቂ አይብ ለዚህ አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ከታጠቡ በኋላ አንድ መካከለኛ ካሮትና አንድ መካከለኛ ድንች ተልጠውና ተቆራርጠው በጥቂት ውኃ ይቀቀላሉ። በካሮቱ ፈንታ ዱባ ወይም ብርቱካንማ ስኳር ድንች ቢሆን መልካም ነው፤ ዱባ ውኃ ስለሚበዛበት ዱቄቱ ትንሽ ከፍ ይበል። አንድ እፍኝ ጎመን ወይም ቆስጣ አገዳው ወጥቶለት ደቅቆ ይከተፍና አትክልቱ ሊበስል ሲል ይጨመራል። ውኃው ተጠልሎ ይቀመጥ፤ አይደፋ። አትክልቱ ትኩስ ሳለ በሹካ ይደቅቅና ለብ ሲል ሦስት የሾርባ ማንኪያ በደንብ የተጨመቀ አይብ፣ አንድ የተመታ እንቁላል፣ ቅቤውና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያልተቀመመ የሽምብራ ዱቄት ገብተውበት ይለወሳል። ሽምብራ ከሌለ የጤፍ ዱቄት ይተካዋል። ልውሱ ቅርጽ አልይዝ ካለ ዱቄት፣ ከጠጠረ ደግሞ ከተጠለለው ውኃ ጥቂት ይጨመራል። ጨውም በርበሬም አይገባበትም። ለእኛ አልጫ የሚመስለን ለሕፃኑ ልክ ነው፤ እናቶች በድብቅ ጨው ጣል ሲያደርጉ ደጋግመን ስላየን ነው ይህን የምናጠነክረው።

ከዚህ ልውስ የአዋቂ ትንሿን ጣት ያህል ርዝመት ያላቸው፣ ከእርሷ ወፈር ያሉ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ። ትንሽ መጥበሻ በዘይት በስሱ ተቀብቶ በለስላሳ እሳት ላይ ይጣድና ተከድነው ይበስላሉ፤ ከአምስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ይገላበጣሉ። አንዱን ሰብሮ ማየት ይገባል፤ ውስጡ እርጥብ እንቁላል ከታየበት አልበሰለም። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ተይዞ ይጫኑት። ያለ ትግል ከተጨፈለቀ ለድድ ተስማምቷል፤ ከጠነከረ ለታላቅ ወንድሙ ይሰጥ። እንቁላልና አይብ ቀምሶ የማያውቅ ሕፃን መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ይቅመስ፤ ሰውነቱ ሽፍ ቢል፣ ፊቱ ቢያብጥ ወይም ቢያስመልሰው ምግቡ ይቁምና ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ መተንፈስ ካስቸገረው ለአፍታም አይዘግይ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተዘጋጀው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበላ፤ ለነገ አይቀመጥ። ይህ ምግብ ጡትን አይተካም፤ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። የማዕዱ ቁጥር ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። ጣት አካዩ ምግብ በእነዚህ መካከል እንደ መክሰስ ይገባል።

ሕፃኑ ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ሰውም አጠገቡ ይሁን። ታዝሎ፣ ተኝቶ ወይም እየዳኸ አይብላ። ጥሬ ካሮት፣ ለውዝና ፈንዲሻ ለዚህ ዕድሜ አደገኛ ናቸው፤ ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ቡና ሲፈላ በፍቅር ለሕፃን የሚዘገነው ቆሎ ነው። ማርም አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥ። ምግብ ያነቀው ሕፃን የሚያስልና የሚያለቅስ ከሆነ ራሱ ያወጣዋል። ድምፁ ከጠፋ ግን በክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ ራሱን ከደረቱ ዝቅ አድርጎ፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል፤ ካልወጣ አገላብጦ የደረቱን መሐል በሁለት ጣት አምስት ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣም ሁለቱን እያፈራረቁ እርዳታ እንዲመጣ መጣራት ነው። የማይታየውን ነገር በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በአንድ ወቅት በዐቢይ ጾም መባቻ በአንድ የደጋ ቀበሌ ይህንኑ ምግብ ሠርተን ስናሳይ ከአንዲት እናት የእንጀራ ምጣድ ተውሰን ነበር። አይቡን ወደ አትክልቱ ስንጨምር ሴቶቹ ዝም አሉ። ሲበስልም ሕፃኑን የሚያቀርብ ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት አዛውንት ተነሥተው “ልጆቼ፣ ይህን ምጣድ ነገ ምን ልናደርገው ነው?” አሉን። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ስለ ፕሮቲን ስንናገር የቤቱ እንጀራ በሙሉ የሚጋገርበትን ምጣድ አስገድፈናል። እናቶቹ ምግቡን አልናቁም፤ የቤተሰቡን ጾም ነበር የጠበቁት።

አብረውን የነበሩት የደብሩ ካህን ነገሩን ለሁለት ከፈሉት። ምጣዱን በተመለከተ አዛውንቷ ትክክል መሆናቸውን ተናገሩ። አዛውንቷም ቀጠሉና “እንግዲያስ አባቴ፣ ሕፃኑ ቢገድፍ በእኛ ላይ በደል አይሆንም ወይ?” ብለው ጠየቁ። ካህኑም “እናቴ፣ ጡት ሲጠባ ገደፈ ብለነው እናውቃለን? ይህ ልጅ መች መጾም ጀመረና ነው የሚገድፈው?” አሏቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ልጆች ጾምን የሚለማመዱት ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ነው። የስምንት ወር ሕፃን ጾመኛ አይደለም፤ የእናቲቱ ጾም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመክርበታለች።

ጉዳቱን ለማየት ቀን መቁጠር ይበቃል። በግንቦት አጋማሽ የተወለደ ሕፃን ስድስት ወር የሚሞላው ጾመ ነቢያት በሚገባበት በኅዳር አጋማሽ ነው። እስከ ልደት ዋዜማ ከ40 ቀን በላይ አለ። ጾመ ነነዌ 3 ቀን፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይከተላሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በመካከል አሉ። የቤቱን ጾም አብሮ የሚጾም ሕፃን የመጀመሪያ ዓመቱ ሳይሞላ፣ ፈጥኖ በሚያድግበት ስድስት ወር ውስጥ፣ ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ ያለ እንቁላልና ያለ አይብ ያሳልፋል። ላሟ ግን በጾምም ትታለባለች፤ ዶሮዋም ትጥላለች። ወተቱ ለፋሲካ ቅቤ ይሆናል፣ እንቁላሉ ለገበያ ይቀመጣል፣ አሬራው ፈላጊ ያጣል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በምጣድ አናሳይም። የሕፃኑ የራሱ ትንሽ መጥበሻ፣ ድስት፣ ማንኪያና ሳሕን ከሌላው ዕቃ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ የሚታጠቡበት ጨርቅም የራሳቸው ነው። ከተቻለ ይህ ዕቃ ከወላድነት ጥየቃ ጋር እንዲመጣ ዘመዶችን እናሳስባለን። መክተፊያው አንድ ብቻ ከሆነ አትክልቱ አስቀድሞ ተከትፎ በሕፃኑ ሳሕን ላይ ይሁን፤ አይቡና እንቁላሉ ከሕፃኑ ዕቃ አይውጡ። ካህናት አባቶችም ክርስትና በሚነሣበት ዕለት፣ ወላጆችና አያቶች በአንድነት ባሉበት፣ ስለዚህ ነገር ሁለት ቃል እንዲናገሩ እንለምናለን። የጾሙ ዋዜማ ሲደርስ መናገር ይዘገያል፤ በቤት ውስጥ ውሳኔው የአያት ነው፤ አያት ደግሞ ከእኛ ይልቅ የሚሰሙት ካህኑን ነው። እኒያ አዛውንት በሁለተኛው ጉብኝታችን የልጅ ልጃቸውን መጥበሻ አሳይተውን ነበር፤ ማንም ተሳስቶ እንዳያነሣው እጀታው ላይ ቀይ ክር አስረውበታል።