ቮልስዎን ቤንዚን ሲያስቸግረው፦ ከታንከር እስከ ካርቡራተር

የቮልስ ሞተር ሲንተፋተፍ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ካርቡራተሩ ብሎኖች ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፦ የታንከር ዝገት፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም ያረጀ ፑንቲና። ምክንያቱ ሳይታወቅ ብሎን ማዞር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ የሚሄድበትን መንገድ ተከትለው ይፈትሹ። የሚከተለው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ለተሠሩት፣ ሶሌክስ 30 ፒክት ካርቡራተር ላላቸው ባለ 1300 ቮልሶች ነው።

ዝግጅት
መኪናውን ደጅ ያውጡ፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ሲጋራም ሆነ እሳት በአካባቢው አይኑር። የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ያስቀምጡ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የመፍቻ ቁልፎች፣ የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ፣ ጨርቅና ነጭ የመስታወት ጠርሙስ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 1፦ ቤንዚን መድረሱን ያረጋግጡ
ወደ ቦቢናው 15 ቁጥር የሚገባውን ሽቦ ነቅለው ጫፉን በፕላስተር ይጠቅልሉ፤ ሞተሩ እንዳይነሳ ነው። ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን ጎማ አውጥተው ጠርሙሱ ውስጥ ይክተቱ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ለጥቂት ሰኮንድ ያሽከርክር። ቤንዚኑ እየተቆራረጠ ግን በኃይል መምጣት አለበት። ከቀጠነ የፖምፓውን ወንፊትና የታንከሩን መውጫ ያጽዱ፤ ካልተሻለው ፖምፓው ደክሟል ማለት ነው። ጠርሙሱን ትንሽ አስቀምጠው ይመልከቱ። ውኃ ካለ ከታች ይዘቅጣል፤ ቡናማ ዱቄት ከታየ ደግሞ ታንከሩ ዝጓል፤ ታንከሩ ሳይጸዳ ካርቡራተሩን ቢያጥቡ ድካም ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ሳይፈቱ የሚታዩትን ይዩ
ጎማውንና ሽቦውን ይመልሱ፤ የፈሰሰው ቤንዚን እስኪደርቅ ይጠብቁ። ካርቡራተሩ የኤሌክትሪክ መዝጊያ ካለው፣ የሞተሩን ቁልፍ ከፍተው ሽቦውን ነቀል ሰካ ያድርጉ፤ “ቀጭ” ማለት አለበት። ድምፅ ከሌለ ሞተሩ በሚኒሞ አይሠራም፤ ቤንዚን ሲሰጡት ብቻ ይሠራል። ቁልፉን ዘግተው የአየር ፊልትሮውን ያንሱና የቤንዚን መስጫውን ክንድ በእጅዎ ይግፉ፤ ቀጭን የቤንዚን ጨረር ወደ ጉሮሮው መርጨት አለበት። ካልረጨ በጎን በኩል በአራት ብሎኖች የታሰረው የጎማ ሽፋን ተቀዷል ወይም ቀዳዳው ተደፍኗል።

ደረጃ 3፦ ክዳኑን ከፍተው ያጽዱ
የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አምስቱን የክዳን ብሎኖች ፈተው ጓርኒሲዮኑን ሳይቀዱ ያንሱ። የቤንዚን መያዣውን ቆሻሻ በስፕሬይ ያጥቡ። ተንሳፋፊውን አውጥተው ጆሮዎ ላይ ያንቀጥቅጡት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ይቀየር። ክዳኑን ገልብጠው በመግቢያው በኩል አየር በቀስታ ይንፉ፤ መርፌ መሳዩ መዝጊያ አየር ካሳለፈ አልቋል። ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከሁለቱ ከአንዱ ነው። ቤንዚን የምትመጥነውን ዋናዋን የነሐስ ፍሬም አውጥተው በአየር ይንፏት። ሽቦ አይክተቱባት፤ ቀዳዳዋ ከሰፋ ልኳን ታጣለች።

ደረጃ 4፦ ከፍታውን ያስቡ
ፍሬዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊሜትር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለባሕር ዳርቻ የተለካ ፍሬ እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው በደረቅ ጥቀርሻ ከጠቆረና ሌላ ጥፋት ካልተገኘ 120 ወይም 117.5 ይሞክሩ። መኪናው ዘወትር ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ከሆነ ግን ትልቋን ይተዉለት፤ ቆላ ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል።

ደረጃ 5፦ ገጥመው ያስተካክሉ
መጀመሪያ ፑንቲናውን 0.4 ሚሊሜትር ላይ ያድርጉ። ከዚያ የድብልቁን ብሎን ሳያስጨንቁ እስከ መጨረሻው ዘግተው አንድ ዙር ተኩል ይክፈቱ። ሞተሩ ሲሞቅ በጣም ለስልሶ እስኪሠራ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩት፤ ሚኒሞውንም በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ ያቁሙ።

የመጨረሻው ፍተሻ
በካርቡራተሩ ክዳን ላይ ጎማው የሚሰካበትን የነሐስ ቱቦ በእጅዎ ያወዛውዙ። በእርጅና ላልቶ ከወጣ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል፤ ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። ከላላ መኪናውን አያስነሱ። የቤንዚን ጎማዎቹም ከተሰነጠቁ፣ ኢታኖል በሚችል ጎማና በአዲስ ፋሸታ ዛሬውኑ ይቀይሯቸው። ሌላው ሥራ ሁሉ ለነገ ሊያድር ይችላል፤ ይኼ ግን አያድርም።