ያልወጣ ፊልም ማሾለክ ሌብነት ነው ወይስ ውለታ?

 

ባለፈው ሳምንት በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ሀቀኝነት ስንማር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ማንም እንዳያየው የተቆለፈበትን ፊልም አውጥቶ ለሰው ማሳየት ሌብነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ሌብነት ነው» ሲል ግማሹ «ኧረ ውለታ ነው!» እያለ ሲጯጯህ ደወል ተደወለና ሳንጨርሰው ወጣን። እኔን ግን ቤት ገብቼም ነገሩ አልለቀቀኝም። ለምን እንዳልለቀቀኝ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ልጁ ያነሳው ፊልም ባትገርል ይባላል። ባትማንን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ባትገርል ደግሞ እንደሱ ጭምብል አድርጋ ወንጀለኞችን የምትታገል ልጅ ናት። እሷን ሆና የሠራችው ሌስሊ ግሬስ ናት። በድሮዎቹ ፊልሞች ባትማንን የሠራው ማይክል ኪተንም ተመልሶ ነበር። ፊልሙ በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ ተቀረጸ። ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ባለቤቱ ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ «በሲኒማም በቴሌቪዥንም አይወጣም» ብሎ አስታወቀ። አለቀ!

መጀመሪያ እኔም አልገባኝም። 90 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ መደበቅ እብደት አይደል? አጎቴ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ጠየቅኩትና በሽንኩርት አስረዳኝ። ነጋዴ ግብር የሚከፍለው ከትርፉ ላይ ነው። «አሥር ኩንታል ሽንኩርት በሰበሰብኝ» ብሎ ኪሳራ ካስመዘገበ ትርፉ ስለሚያንስ ግብሩም ይቀንስለታል። ግን በሰበሰ ያለውን ሽንኩርት በማግስቱ ገበያ አውጥቶ ሊሸጠው አይችልም። ካምፓኒውም ፊልሙን እንደ ኪሳራ ቆጠረው፣ ስለዚህ ቆለፈበት። ልዩነቱ ሽንኩርቱ አለመበስበሱ ነው። (አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሳቀ፣ እኔን ግን አላሳቀኝም።)

የሚገርመው ደግሞ ይኼ ነው። ዳይሬክተሮቹ አዲል ኤል አርቢና ቢላል ፋላህ የሚባሉ ሁለት የቤልጂየም ልጆች ናቸው። ወሬውን የሰሙት ለአዲል ሠርግ ሞሮኮ ሄደው ነው። እንደነገሩት ከሆነ፣ ያን ጊዜ የራሳቸውን ፊልም ከኮምፒውተር ላይ በስልካቸው ሊቀርጹት ሞክረው ነበር። ሲገቡ ግን ተዘግቶባቸዋል። አስቡት፣ ራሳቸው የሠሩትን! ቢሳካላቸው ኖሮ ሌባ እንላቸው ነበር?

በሕግ ከሄድን መልሱ አያስቸግርም። ፊልሙ ገንዘቡን ያወጣው ካምፓኒ ነው። የቀረጸውም፣ የተወነውም፣ ልብስ የሰፋውም ተከፍሎት ሠርቷል። በአገራችንም ቢሆን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አለ፤ የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው። ስለዚህ «ውለታ ነው» ያላችሁ ልጆች በሕጉ በኩል ተሸንፋችኋል።

ግን እናንተም ጥሩ ማስረጃ አላችሁ። ከባትገርል በፊት ፋንታስቲክ ፎር የሚባል ፊልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሊወጣ የነበረ፣ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ የተሠራ ፊልም ነው። ተዋናዮቹ ከየከተማው እየዞሩ፣ ከራሳቸው ኪስ ጭምር እያወጡ ሲያስተዋውቁት ከረሙ። ከዚያ ምርቃቱ ተሰረዘና ፊልሙ ተቀበረ። አንድ ሰው ግን ኮፒ አወጣ። በቪዲዮ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ የካሴት ኮፒ ደግሞ በተገለበጠ ቁጥር እየደበዘዘ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ብዙ ሰው አየው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2025 አዲሱ ፋንታስቲክ ፎር ሲሠራ እነዚያን አራት ተዋናዮች ጠርተው ትንሽ ትንሽ ቦታ ላይ አሳዩአቸው። ያ ካሴት ባይሾልክ ኖሮ ማን ያስታውሳቸው ነበር? እኔ ማንም የሚል ይመስለኛል።

እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን አይቼ ማሾለክ ጥሩ ነው ልል ነበር። ሁለት ነገር ያዘኝ።

አንደኛው ኮዮቴ ቨርሰስ አክሚ የሚባለው ፊልም ነው። ሱፐርሂሮ አይደለም፣ የካርቱን ቀበሮ ነገር ነው። እሱንም ያው ካምፓኒ በ2023 ቆልፎበት ነበር። በ2025 ግን ሌላ ካምፓኒ ገዛው። በመሀል አንድ «ደግ ሰው» አሾልኮት ቢሆን ኖሮ፣ ሁሉም በስልኩ ያየውን ፊልም ማን ይገዛል? የተቆለፈ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ደግሞ አለመጨረስ ነው። በ2009 ዎልቨሪን ከመውጣቱ አንድ ወር በፊት ሾልኮ ነበር። የሾለከው ግን ያላለቀው ነው፤ ተዋናዩ የተንጠለጠለበት ገመድ ሳይቀር ይታያል። ኢንተርኔት ላይ የጫነው ሰው አንድ ዓመት ተፈርዶበታል። ባትገርልም ቢሆን ሲቆለፍ ገና አላለቀም ነበር። ቢሾልክ የሚታየው ያላለቀው ነው፤ ሰው የሚስቀው ደግሞ በካምፓኒው ላይ ሳይሆን ፊቷ በሚታየው ልጅ ላይ ነው።

ይህንን የማውቀው ከፊልም አይደለም። ዓምና የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ለወላጆች ቀን ድራማ ሲለማመድ የሚያስታውሱ አሉ። ቀኑ ሲራዘም ሲራዘም ቀረና ድራማውም ቀረ። እኔ ልምምዱን በእህቴ ስልክ ቀርጬው ነበር። ያን ያህል ለፍተን ሳይታይ መቅረቱ አናደደኝና በቴሌግራም ላክሁት። እውነቴን ነው፣ ለመልካም ነው ብዬ ነው። ግን ቪዲዮው ላይ እናት ሆና የምትሠራው ልጅ ቃሏ ጠፍቶባት ረጅም ጊዜ ቆማ ታያለች። ከዚያ በኋላ ስሟ ቀረና ተማሪው ሁሉ «ዝም ያለችው እናት» ይላት ጀመር። ከክበቡም ወጣች። እኔ ላኪው መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ካምፓኒው ወይም ተመልካቹ ሳይሆን ፊቱ የሚታየው ሰው ነው። የፋንታስቲክ ፎር ተዋናዮች ፊልሙ እንዲታይ ራሳቸው ሲለፉ ነበር። የባትገርል ዳይሬክተሮችም ራሳቸው ፈልገዋል፤ ሌስሊ ግሬስና ሌሎቹስ ተጠይቀዋል? እኔ ማንንም አልጠየቅኩም። (ሕጉ ያው ሕግ ነው፣ መምህራን እንዳትቆጡኝ።)

ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት ልጅቷን በእረፍት ሰዓት አገኘኋትና የላክሁት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ጻፈው፣ ስሜን ግን እንዳታስገባ» አለችኝ። ቪዲዮው አሁንም ፍላሼ ላይ ስላለ ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«መጀመሪያ እስኪ አሳየኝ» አለች። ለካ እሷ አንድም ቀን አላየችውም።