ለአራት ዓመት የሚታሰር ጫማ

ልጄ፣ አራስ ቤት ለእናቲቱ መካሪ አይጠፋም፤ እኔ የምጽፈው ለአባትየው ነው። ልጅህ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ተጠምዝዘው፣ የውስጥ እግሩ ወደ ላይ ዞሮ እንደተወለደ ነገሩኝ። ሐኪሞቹ ቆልማማ እግር ይሉታል። ይስተካከላል። ሥራው ግን የሐኪሙ ጥቂት ሳምንት፣ የአንተ ቤት ጥቂት ዓመት ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት የሐኪሙ ሲያልቅ ሁሉም ያለቀ እየመሰላቸው ነው።

1. ሚስትህን ከወሬ ጠብቃት። ግርዶሽ አይታ ነው፣ እርግማን ነው፣ እርጉዝ ሆና ከባድ ተሸክማ ነው የሚል አይጠፋም። ከሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ከሴት ይልቅ በወንድ እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ግማሽ ያህሉም እንደ አንተ ልጅ በሁለቱም እግር ነው። በአብዛኞቹ ሕፃናት ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። ዘር ድርሻ እንዳለው ይታወቃል፤ በየትኛው ወገን እንደመጣ ለመቁጠር ግን ሽማግሌ አትሰብስብ። ልጁንም ከእንግዳ አትደብቀው።

2. ቶሎ ሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጅማቱ ለስላሳ ነው፤ በእጅ ይታዘዛል። ወላይታ ሶዶ ላይ ሰው ሁሉ ኦቶና የሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አለ። አጥንት ክፍል ገብተህ የቆልማማ እግር ሕክምና በየትኛው ቀን እንደሚሰጥና ክፍያ እንዳለው ጠይቅ። በብዙ ቦታ በእርዳታ ድጋፍ በነጻ ይሰጣል፤ ሳትጠይቅ ከብት አትሽጥ። ወደ አዲስ አበባ ቢልኩህ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የሚታወቀው በዚህ ሥራ ነው። ወጌሻን አከብራለሁ፤ ወለምታ ሲሆን እኔም ሄጃለሁ። ይሄ ግን ወለምታ አይደለም። ጅማቱ አጥሮ፣ ትንንሾቹ አጥንቶች ተጣምመው ነው የተወለደው። አሽቶ በአንድ ቀን ለማቃናት መታገል ገና ያልጠነከረውን አጥንት ይጎዳል።

3. ቢላ ለምን እንዳላነሱ እወቅ፤ ዘመድ ይጠይቅሃልና። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የሚባል ሐኪም ነበር። በ1914 እ.ኤ.አ. በስፔን ተወለደ፤ በእርስ በርሱ ጦርነት ቁስለኛ አከመ፤ ተሰደደ፤ በመጨረሻ አሜሪካ አዮዋ ገባ። እዚያ ቀደም ሲል በትልቅ ቀዶ ሕክምና የተቃኑትን ልጆች ካደጉ በኋላ መረመራቸው፤ እግራቸው ደርቆ፣ እያመማቸው አገኘ። ስለዚህ እግሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞርን፣ ያገኘውንም በጀሶ ይዞ ሳምንት መጠበቅን መረጠ። ባልደረቦቹ ለብዙ አሥርተ ዓመታት አልሰሙትም። በኋላ ካሳመኗቸው መካከል ልጆቻቸው የዳኑላቸው ወላጆች ይገኙበታል፤ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

4. ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ። ከእግር ጣት እስከ ጭን ነው፤ ጉልበቱም የታጠፈው አውቀው ነው፣ እንዳይንሸራተት። ቤት ስትደርስ ጣቶቹን እይ። ስትጫነው ነጣ ብሎ ወዲያው ደም የሚመለስበት ጣት ደህና ነው። ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ፣ ወይም ጣቶቹ ወደ ጀሶው ውስጥ እየገቡ ከጠፉ ቀጠሮ ሳትጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ተመለስ። ገላውን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ነው እንጂ መንከር የለም። እናትህ ቅቤ ልቀባው ካለች ከወገብ በላይ ትቀባው። በክረምት ከቦዲቲም ሆነ ከአረካ ወደ ሶዶ ስትመጣ ጀሶውን በፌስታል ጠቅልል፤ መኪና ላይ ስትወጣም ፌስታሉን አንሳው፣ ላብ ያረጥበዋል። አንድ ሳምንትም አትቅር፤ የባጃጁንና የሚኒባሱን ገንዘብ ከወዲሁ ለብቻው አስቀምጥ።

5. በመጨረሻ ላይ የተረከዙን ጅማት በትንሽ ምላጭ ይቆርጡታል። አትደንግጥ፤ ከአሥር ልጆች ስምንት ዘጠኙ ያስፈልጋቸዋል፣ ማደንዘዣውም እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ጅማቱ ረዝሞ እስኪገጥም ሦስት ሳምንት የመጨረሻው ጀሶ ይቆያል። እንደቆረጡለት እናትየው ቶሎ ጡት ታጥባው።

6. አሁን ዋናው። ጀሶው ሲወልቅ እግሩ ቀጥ ብሎ ታየዋለህ፤ በዚያው ቀን በብረት የተያያዘ ጥንድ ጫማ ይሰጡሃል። እግሩን የቆለመመው ነገር በጀሶ አልሞተም፤ ልጁ ሲያድግ አብሮት ይጎትታል። ጫማው የሚጠብቀው ከዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ፣ ሌሊትም ቀንም፣ እስከ አራት ዓመቱ፤ አንዳንድ ሐኪም አምስት ይላል። አንዱ እግር ብቻ ቢሆን እንኳ ሁለቱም ይታሰሩ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል። እግሩን ለየብቻ ማንሳት ስላልቻለ ነው፤ ብረቱን ይዘህ ሁለቱን አንድ ላይ እጠፍለት፣ ዘርጋለት፤ ይለምደዋል። ባለቀሰ ቁጥር ከፈታህለት ግን የሚለምደው ማልቀሱን ነው። የጥጥ ካልሲ አድርግለት። ተረከዙ የጫማውን ወለል መንካቱን ሳታይ ማሰሪያውን አትሳብ። ትንሽ ቅላት ምንም አይደለም፤ ውሃ ከቋጠረ ግን ወደ ሐኪሙ፣ ቅባትም የለም።

7. መስከረም ላይ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ ቤቱ በዘመድ ሲሞላ፣ ልጁን የሚታቀፍ ሁሉ «እግሩ ደህና አይደል፣ ምነው አሰራችሁት? ለበዓሉ እንኳ ፍቱት» ይላል። በአራሷ አፍ አታስመልስ። እሷ ብትከለክል ጨካኝ ይሏታል፤ አንተ ብትከለክል ሐኪም አዞት ነው ይላሉ። ፍርደ ገምድል ነው፣ ግን ተጠቀምበት። ማታ ማታም ማሰሩን የአንተ ሥራ አድርገው፤ እሷ ጡት ታጠባለች፣ አንተ ታስራለህ።

8. ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ አልፈው ከወጡ ጠቦታል፤ የቀጠሮውን ቀን አትጠብቅ። አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ ደህና ከሆነ ለሌላ ሕፃን ይሆን እንደሆነ ጠይቃቸው።