መልሱ የት ተደበቀ? በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ብቻ የጥያቄ ገጽ ስንሠራ

የዚህ እትም የትምህርት ዓምድ ከመጽሐፍ የተገለበጠ አይደለም። እኛው የክበቡ አባላት በኮምፒውተር ክፍል ሠርተን፣ ተሳስተን፣ እንደገና ሠርተን ያየነው ነው።

ነገሩ የመጣው ከጥናት ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች እንደምታውቁት ከድሮ ጥያቄዎች እናጠናለን። ችግሩ መልሱ ከጥያቄው ሥር ተጽፎ ስለሚገኝ ዓይናችን ሳናስበው ወደ ታች ይወርዳል። ካየን በኋላ «እ! ይሄንንማ አውቀዋለሁ» እንላለን። የምናውቀው ግን ስላየነው ነው። እኔ ወረቀቱን በእጄ እየሸፈንኩ ሞክሬ ነበር፤ በጣቴ መሃል ይታያል። ስለዚህ ጥያቄው ብቻ የሚታይ፣ መልሱ ሲነኩት የሚከፈት ገጽ በኮምፒውተር እንሥራ ተባባልን።

ኢንተርኔት የለንም። ግን አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ላይ ኖትፓድ አለ፣ ድረ ገጽ የሚከፍተው ብራውዘርም አለ። ገጹ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ሴቭ ከተደረገ ብራውዘሩ ያለ ኢንተርኔት ይከፍተዋል። ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው አላመነኝም፤ ሠርቼ ካሳየሁት በኋላም ገመዱን ሲፈልግ ነበር።

ድረ ገጽ በዋናነት የሚጻፍባቸው ሦስት ቋንቋዎች አሉ። ኤችቲኤምኤል «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው» ብሎ ይናገራል። የጀመረው ቲም በርነርስ-ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በስዊዘርላንድ ጄኔቫ አጠገብ ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። ሲኤስኤስ ደግሞ ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ቦታውን፣ ባጠቃላይ መልኩን ይወስናል። ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለ የኖርዌይ ሰው ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1995 የመጣው ጃቫስክሪፕት ነው። ብዙ ሰው «ሲነኩት የሚከፈት፣ ሲነኩት የሚዘጋ ነገር ያለ ጃቫስክሪፕት አይሆንም» ይላል። እኛ ጃቫስክሪፕት ገና አልተማርንም። የአይሲቲ ቲቸራችን ግን «በሁለቱ ብቻ ይቻላል፣ እስኪ ሞክሩ» አሉንና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለው የኛ ጣጣ ነው።

ኮዱን እንዳለ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈን በሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ላይ ለጥፈነዋል። እዚህ የትእዛዞቹን ስም በአማርኛ ፊደል እየጠራን አሠራሩን ብቻ እንናገራለን።

መጀመሪያ የሠራነው በጣም ቀላሉን ነው። ታግ ማለት በሒሳብ «ያንሳል» እና «ይበልጣል» በምንላቸው ምልክቶች መካከል የሚጻፍ ቃል መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ዲቴይልስ የሚባል ታግ ትከፍታላችሁ። በውስጡ ሰመሪ የሚባል ሌላ ታግ ከፍታችሁ ጥያቄውን ትጽፉና ትዘጉታላችሁ። ከሥሩ መልሱን ጽፋችሁ ዲቴይልስን ትዘጋላችሁ። አለቀ! ብራውዘሩ ጥያቄውን ብቻ ያሳያል፤ አጠገቡ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ያደርጋል። ሲነኩት መልሱ ይወጣል፤ ደግመው ሲነኩት ይገባል። አንድም የሲኤስኤስ መስመር አልጻፍንም። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ደስታው እስከ ሦስተኛው ኮምፒውተር ድረስ ነበር። እዚያ ስንከፍተው ጥያቄውም መልሱም አንድ ላይ ተዘርግፎ ወጣ። ለካ ያ ብራውዘር አሮጌ ነው፣ ዲቴይልስ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ብራውዘር የማያውቀውን ታግ ሲያገኝ አይቆጣም፤ ታጉን ዘሎ ጽሑፉን ብቻ ያሳያል። ክሮም ዲቴይልስን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ፋየርፎክስ ደግሞ በ2016። ከዚያ የቆየ ብራውዘር ያለው ሰው መልሱን በነጻ ያያል ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ሁለተኛው መንገድ ሄድን። ይህኛው ቼክቦክስን ይጠቀማል። ቼክቦክስ ማለት ፎርም ሲሞላ «ራይት» የምናደርግባት ትንሽ ሳጥን ናት። እስኪ አስቡት፦ ሳጥኗ ወይ ምልክት አለባት ወይ የለባትም። ብራውዘሩ ይህን ሁልጊዜ ያውቃል። ሲኤስኤስ ደግሞ «ቼክድ» በሚለው ቃል «ምልክት ካለባት እንዲህ አድርግ» ማለት ይችላል። ስለዚህ መልሱን በሲኤስኤስ እንደብቀዋለን፤ ከዚያ «ሳጥኗ ምልክት ካለባት ከኋላዋ ያለውን መልስ አሳይ» እንላለን። ሌብል የሚባል ታግ ደግሞ አለ፤ ከሳጥኗ ጋር በስም ካያያዝነው ሌብሉን መንካት ሳጥኗን እንደ መንካት ይቆጠራል። ስለዚህ «መልሱን አሳየኝ» የሚል ሌብል ጻፍን። ስም ካነሳን አይቀር፣ በሲኤስኤስ ለነገሮች የምንሰጠውን ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። እኛ «መልስ» ብለን ሰየምነው፤ ሠራ። ትእዛዞቹ ግን የግድ በእንግሊዝኛ ናቸው።

እዚህ ጋ ሁለት ቀን ፈጀብን። ሌብሉን እንነካለን፣ ሳጥኗ ላይ ምልክት ይወጣል፣ መልሱ ግን ወይ ፍንክች! ፊደል ስህተት መስሎን አሥር ጊዜ አነበብነው። ስህተቱ ቅደም ተከተል ነበር። መልሱን በላይ፣ ሳጥኗን በታች ጽፈናታል። በተጠቀምነው ምልክት ሲኤስኤስ ከሳጥኗ በኋላ የተጻፈውን እንጂ በፊት የተጻፈውን አያይም። መምህር የፈተና ወረቀት ሲያድሉ ለፊተኛው ዴስክ ይሰጣሉ፤ እሱ ወደ ኋላ ያቀብላል። የኋላው ወደ ፊት አያቀብልም። እንደዚያ ማለት ነው። መልሱ ወረቀት እንዲደርሰው ከሳጥኗ ኋላ መቀመጥ አለበት።

ቦታውን አስተካከልን፤ ሠራ። ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ስንነካ የሁሉም ጥያቄ መልስ አንድ ላይ ተከፈተ! ወረቀቱ እስከ መጨረሻው ዴስክ ሄዷል ማለት ነው። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ጥያቄ ዲቭ በሚባል ታግ ለብቻው ማጠር ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱ ከዲቩ አጥር አያልፍም።

ከዚያ የማውስ ጉዳይ መጣ። ሁለት ኮምፒውተሮቻችን ማውስ የላቸውም፤ በኪቦርድ ብቻ ነው የምንሠራባቸው። ታብን እየተጫንን ወደምንፈልገው እንሄድና ስፔስን እንጫናለን። እኛ ደግሞ ገጹ እንዲያምር ብለን ሳጥኗን «ዲስፕሌይ ነን» በሚለው ትእዛዝ ደብቀናት ነበር። ታብ ሲጫኑ ዘሏት ሄደ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ይሄ የጽሑፋችን ዋና ቦታ ነው። ዲስፕሌይ ነን የተባለ ነገር ቀሪ ተማሪ ነው፤ ስም ሲጠራ አቤት አይልም። «ኦፓሲቲ ዜሮ» የተባለው ግን ክፍል ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ ተማሪ ነው። አይታይም፤ ስሙ ሲጠራ ግን አቤት ይላል። ስለዚህ ሳጥኗን ኦፓሲቲ ዜሮ አደረግናት፤ ታብ የደረሰበት ሌብል እንዲታወቅም ፎከስ በሚለው ቃል ዙሪያውን ቢጫ መስመር አደረግንበት። ማውስ መያዝ ለሚቸግረው ተማሪም ይጠቅማል። አንዳንዶች «ማውሱ ሲደርስበት የሚከፈት እናድርገው» ብለው ነበር። እሱ ሆቨር ይባላል፤ ያምራል። ግን በስልክ የሚያጠና ተማሪ ማውስ ከየት ያመጣል? ተውነው።

አሁን ወደ ምርጫ ጥያቄ እንግባ። ለምሳሌ «ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ወንዝ የቱ ነው? ሀ. አዋሽ ለ. አባይ ሐ. ኦሞ መ. ተከዜ»። ለምርጫ የሚሆነው ቼክቦክስ ሳይሆን ሬዲዮ የሚባለው ክብ ምልክት ነው። አራቱንም በ«ኔም» አንድ ስም ስንሰጣቸው አንዱ ሲመረጥ ሌላው ይለቃል። ሬዲዮ የተባለው ለምን መሰላችሁ? በድሮ ሬዲዮኖች ላይ የጣቢያ መምረጫ ቁልፍ ነበረ፤ አንዱን ሲጫኑ ቀድሞ የተጫነው ተመልሶ ይወጣ ነበር። ለሚኒ ሚዲያ ሰው ይህን ማወቅ ያኮራል። ትክክለኛውን ምርጫ «ልክ» ብለን ሰየምነው፤ «ልክ ቼክድ ከሆነ አረንጓዴውን ጽሑፍ አሳይ» አልነው። ስህተት ለመረጠ ቀዩ ይወጣል።

ሲኤስኤስ መቁጠር ይችላል ብንላችሁ ታምናላችሁ? «ካውንተር» የሚባል ነገር አለው። ከላይ ዜሮ ብለን እንጀምራለን፤ ልክ የተባለ ምልክት በተመረጠ ቁጥር አንድ ይጨምር እንላለን፤ በመጨረሻ ከሁሉም ጥያቄ ሥር «ውጤት፦» ብለን ቁጥሩን እናስጽፈዋለን። እዚህም ክቡን ዲስፕሌይ ነን ያደረገ ጓደኛችን ሁሉንም መልሶ ዜሮ አገኘ። ቀሪ ተማሪ አይቆጠርም!

ሳልረሳው፣ አማርኛ ስትጽፉ ሴቭ አድርጉ ሲላችሁ ከታች «ኢንኮዲንግ» የሚለውን ዩቲኤፍ-8 አድርጉ፤ በገጹ ራስ ላይም ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉ። በቆየው ኖትፓድ «አንሲ» እንዳለ ሴቭ አድርገን ሃያ ጥያቄ ጠፍቶብናል። ፊደሎቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑ፤ ስንከፍተው ጥያቄውም «????» መልሱም «????» ነው። አይመለስም፤ እንደገና ነው የጻፍነው።

እንግዲህ ገጹ ካማረ በኋላ በ7ኛ «ሀ» እና በ7ኛ «ለ» መካከል የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀን። ሽልማቱ ደብተርና እስክሪብቶ ነበር። አሥር ጥያቄ፣ ውጤቱን ገጹ ራሱ ይቆጥራል። አንዱ ቡድን ወዲያው አሥር ከአሥር አገኘ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሌላኛው ቡድን ግን «ጥያቄውን ሳያነብ ነው የነካው» ብሎ ተነሳ። እውነትም ልጁ ገጹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ቪው ፔጅ ሶርስ» የሚለውን ነክቶት ነበር። ያን ጊዜ የጻፍነው ሁሉ እንዳለ ይወጣል። እዚያ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ ፊት እኛው በገዛ እጃችን፣ ያውም በአማርኛ፣ «ልክ» ብለን ጽፈናል።

ውጤቱ ተሰረዘ። በክበቡ ስብሰባ ግማሾቹ «ልጁ አጭበርብሯል፣ ይቀጣ» አሉ። ግማሾቹ «ገጹን የሠራነው እኛ ነን» አልን። በኔ በኩል ልጁ ልክ አልሠራም፤ ግን መልሱን ቃል በቃል ጽፎ የሰጠው ማን ነው? በሁለቱ ቋንቋዎች የሚሠራ ገጽ ሙሉ በሙሉ ተመልካቹ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። ሲኤስኤስ መጋረጃ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም። ስሙን ከ«ልክ» ወደ «ቀ7» ቀይረን ሞከርን። ያው ነው፤ ሲኤስኤሱ ውስጥ «ቀ7 ሲመረጥ አረንጓዴ» የሚል አለ፣ ያነበበ ያውቃል። ቲቸራችንን «ጃቫስክሪፕት ቢሆንስ?» ብለን ጠየቅናቸው። እዚያው ገጽ ላይ ከተጻፈ እሱም ይነበባል አሉን። መልሱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ምርጫችን ወደዚያ ተልኮ ካልታረመ በስተቀር አይደበቅም። በተጨማሪ ገጹ ሲዘጋ ውጤቱ የትም አይመዘገብም። ስለዚህ ውድድሩን በወረቀት ደገምነው፤ 7ኛ «ለ» በሁለት ነጥብ አሸነፉ። ገጹን ለጥናት ብቻ እንጠቀምበታለን። ለጥናት ሲሆን ቪው ፔጅ ሶርስ የሚነካ ሰው ማንን ያታልላል?

አሁን ገጹ ላይ የአማርኛ፣ የኅብረተሰብ ትምህርትና የሳይንስ ጥያቄዎች አሉ። ሒሳብ የለም፤ ክፍልፋይ መጻፍ አቅቶናል፣ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ፍላሽ ይዞ ለሚመጣ እንገለብጥለታለን፤ ፍላሹ ግን በመጀመሪያ ቫይረሱ ይታያል።

ለመሞከር የምንሰጣችሁ ይህ ነው፦ በምርጫ ጥያቄው ላይ በሬዲዮ ፋንታ ቼክቦክስ ብንጠቀምና አንድ ተማሪ በአሥሩም ጥያቄ አራቱንም ምርጫ ቢነካ፣ ካውንተሩ ስንት ይቆጥርለታል? ለምን? መልሳችሁን ስምና ክፍላችሁን ጽፋችሁ እስከ ዓርብ በክበቡ ሳጥን አስገቡ። እጥፍ አድርጋችሁ አስገቡት፣ ከላይ ያለው እንዳያየው።