ኩፍኝ ነው ወይስ ሌላ? ሽፍታና የአፍ ቁስል የወጣበትን ልጅ አይቶ መለየት

ጥሊሊም ሆነ እንጅባራ፣ ልጅ አተኩሶት ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ ከጎረቤት ቀድሞ የሚሰማው ስም ኩፍኝ ነው። «ኩፍኝ መርፌ አይወድም» ይባልና ልጁ ጨለማ ክፍል ተኝቶ ይሰነብታል። ይህ ልማድ ልጅ ይጎዳል። በእርግጥ ኩፍኝ ከሆነ ሳንባ ምችና የዓይን ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ቤት መዋል የለበትም።

መጀመሪያ ልጁን ብርሃን ወዳለበት ያውጡት። ዓይኑን ብርሃን የሚያስጠላው ከሆነ በረንዳ ላይ ጥላው ይበቃል። በጤና ትምህርት «ቀይ ሽፍታ» ሲባል እንሰማለን፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ፊቱንና ደረቱን በእጅዎ ይዳስሱ፣ ሻካራነቱ ይሰማል። መዳፉን፣ ውስጥ እግሩንና የአፉን ውስጥም ይዩ። አፉን ለማየት የስልክ መብራትና የማንኪያ እጀታ ይበቃሉ።

ቀጥሎ ምን ቀድሞ ምን እንደተከተለ ያስታውሱ። ከሽፍታው መልክ ይልቅ የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው።

ኩፍኝ በሽፍታ አይጀምርም። ለሦስት አራት ቀን ከፍተኛ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የቀላ፣ እንባ ያዘለ ዓይን ይቀድማል። በዚህ ጊዜ የጉንጩ ውስጥ፣ በመንጋጋ ጥርሶች ትይዩ፣ የጨው ቅንጣት የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ሊታዩ ይችላሉ። ሽፍታው ከዚያ በኋላ ከፀጉር መስመርና ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ በፊት አድርጎ ወደ እግር ይወርዳል።

ጉድፍ ያሳክካል፤ ውኃ ይቋጥራል። አዲስ የወጣው፣ ውኃ የያዘውና ቅርፊት ያበጀው በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከታየ፣ በራስ ቅል ላይም ካለ፣ ጉድፍ መሆኑን ይጠርጥሩ።

የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ ደግሞ በአፍ ቁስል፣ እንዲሁም በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በመቀመጫ ላይ በሚወጡ ነጠብጣቦች ይታወቃል። ከብት የሚይዘው አፍተግር ግን ሌላ ቫይረስ ነው፤ ልጅዎ ከበረት አላመጣውም። ድዱ አብጦ የሚደማና ከንፈሩም የቆሰለ ከሆነ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

የክትባት ካርዱንም ያውጡ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛው በመደበኛ ፕሮግራም የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። አንዴ ብቻ የተከተበ ልጅ ሊያዝ ስለሚችል ካርዱ ላይ አንድ ክትባት ብቻ ተመዝግቦ አይቶ መዘናጋት አይገባም።

ኩፍኝ ከጠረጠሩ በዕለቱ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይንገሩ፣ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እዚያም ከሌሎች ሕፃናት ጋር ተቀምጠው ወረፋ ሳይጠብቁ በር ላይ ይናገሩ፤ በሽታው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 4 ቀን በኋላ ይተላለፋል። መርፌ ለሚፈሩ ወላጆች ይህን ልንገራቸው፦ ለኩፍኝ በቅድሚያ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ነው። ባለሙያዋ የእንክብሉን ጫፍ ቆርጣ ፈሳሹን አፉ ውስጥ ትጨምቅለታለች፤ በማግስቱም ይደገማል።

ኩፍኝ ያልሆኑት አብዛኞቹ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃሉ። አፉ የቆሰለ ልጅ የሚጎዳው መጠጣት ሲተው ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ ወተት፣ እርጎ፣ በርበሬ ያልነካው የተፈጨ ድንች በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት። ጡት መጥባት ካቃተው ወተቱን አልበው በኩባያ ያቅምሱት። ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይሰጣል፤ አስፕሪን ፈጽሞ አይሰጥም። ባለሙያ ሳያየው አፉን ሐምራዊ ቀለም አይቀቡት፤ ነጠብጣቡን ይሸፍነዋል። የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ ቫይረስ በዓይነ ምድር ለሳምንታት ስለሚወጣ ልጁን ካጸዱት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ለስምንት ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ሽፍታው በብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።