ከአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የመጀመሪያው ሳምንትና የመጀመሪያው ዓመት

የአፍንጫን ቅርጽ ለማስተካከል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፣ በሕክምና ስሙ ራይኖፕላስቲ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያበቃል። ማገገሙ ግን እስከ 1 ዓመት፣ ቆዳው ወፍራም በሆነ አፍንጫ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ሰው ድጋፉ በተነሣበት ቀን መስተዋት ፊት ቆሞ ይደነግጣል። የሚያየው ግን እብጠቱን እንጂ አዲሱን አፍንጫ አይደለም።

ከአፍንጫው ላይ የሚለጠፈው ድጋፍ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሳምንት ገደማ በኋላ ይነሣል፤ ከዓይን ሥር የሚታየው መበለዝም በ2 ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ከሁሉ ዘግይቶ እብጠቱ የሚለቀው የአፍንጫው ጫፍ ነው። በውጤቱ ያልረካ ሰው ለማስተካከያ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት እንዲጠብቅ የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንቃቄ ደም ወደ ፊት በኃይል እንዳይገፋና የተስተካከለው አጥንት እንዳይነቃነቅ ለማድረግ ነው። ታካሚው ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ በጀርባው ይተኛል፤ አይናፈጥም፤ ማስነጠስ ሲመጣበት አፉን ከፍቶ ያስነጥሳል፤ ጎንበስ ብሎ ከባድ ዕቃ አያነሣም። መነጽር ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ለሳምንታት በአፍንጫው ላይ አያርፍም። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማትን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰዱም። ጠያቂ ሲመጣ ቡና ማፍላት ወጋችን ነው፤ ቡናው ይቅረብ፣ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ግን ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆይ።

ብዙም የማያጋጥም፣ ነገር ግን ቀጠሮ የማይጠብቅ አንድ አደጋ አለ። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ በከፊል ካርቲሌጅ ከሚባለው ልም አጥንት የተሠራ ነው። ይህ ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከላዩ ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። በመካከላቸው ደም ከተቋጠረ ምግቡ ይቋረጣል፤ በቀናት ውስጥም ሊሞትና አፍንጫው መካከሉ ላይ ሊሰረጉድ ይችላል። መጠነኛ መታፈን የተለመደ ነው። እያደር የሚብስ ሕመምና ቀዳዳውን ከውስጥ የሚዘጋ እብጠት ግን በዚያው ዕለት መታየት አለበት። የማያቆም ደምና ትኩሳትም እንዲሁ። የሆስፒታል መመሪያዎች «ቆዳው ከቀላ» የሚሉት ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ በግልጽ ላይታይ ስለሚችል፣ ሙቀቱንና ሕመሙን መከታተል ይበልጥ ይጠቅማል።

ከአውሮፓም ሆነ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለዚህ ሕክምና ወደ ኢስታንቡል የሚጓዙ ብዙዎች ናቸው። ችግሩ ከተመለሱ በኋላ ቢከሠት ቀዶ ሐኪሙ በአጠገብ የለም። ስለዚህ የመመለሻው ትኬት ድጋፉ ከሚነሣበት ቀን በፊት አይቆረጥ። የተሠራውን ሥራ የሚዘረዝር ማስረጃም በሚኖሩበት አገር ያለ ሐኪም በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ በእጅ ይያዝ፤ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ምን እንደተቆረጠና ምን እንደተቀጠለ በግምት መጀመር የለበትም።