«ምግቤ ውስጥ መርዝ አለ» ይላል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከገሱባ ነው። ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው። ሶዶ ሲማር ለፈተና ብሎ ጫት ጀመረ፤ ቆይቶ ሀሺሽም ጨመረበት። ቤት ከመጣ ወዲህ ሌሊት አይተኛም፣ ብቻውን ያወራል። «ጎረቤት ስሜን እያነሳ ነው፤ ምግቤ ውስጥ መርዝ አድርጋችኋል» ይለናል። አባታችን ታስሮ ይጸለይለት ይላሉ፤ እናታችን ገመናችን እንዳይወጣ ትፈራለች። ምን ላድርግ?

እህቱ ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትና የእናትን እጅ መጠርጠር ጥጋብም እርግማንም አይደለም። ሕመም ነው፤ ሕክምና አለው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሲበዛ እንቅልፍ ነስቶ ጥርጣሬ ያነግሣል። ከምርቃና በኋላ ዱካክ እንደሚመጣ ቃሚ ሁሉ ያውቃል፤ የወንድምሽ ግን ከዚያ አልፏል። ሀሺሽ ደግሞ በለጋነቱ ጀምሮ ለሚያዘወትር ሰው አደጋውን ያብሳል። አብረውት ያጨሱት ጓደኞቹ ደህና መሆናቸው አያታልላችሁ፤ በዘሩ የአእምሮ ሕመም ያለበት ይበልጥ ይጋለጣል። እናትሽ የሚሸሽጉት ገመና ይህ ከሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ አትደብቁት። ምርቃናውን ለመስበር (ለጨብሲ) አረቄ ያዘወትር እንደሆነም ንገሩት፤ ብዙ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠውና ሊጥለው ይችላል።

ዕፁ ከቀረ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይረግባል። ከወር ካለፈ ሌላ ሕመም ተቀስቅሶ ሊሆን ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥ። ተሻለኝ ብሎም ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት በራሱ አያቁም።

እዚያው ገሱባ ካለው የጤና ተቋም ጀምሩ፤ ካስፈለገ ሶዶ ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይልኳችኋል። «መርዝ የለም» እያልሽ አትከራከሪው። «አይዞህ፣ ፈርተሃል፤ እንቅልፍህን የሚመልስልህ ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ» በዪው። ራሴን ወይም ሰው እጎዳለሁ ካለ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ስለቱን አርቃችሁ በዚያው ሰዓት ውሰዱት።

አባትሽ ይጸልዩ፤ ገመዱን ግን ያስቀምጡት። የገዛ ቤተሰቡ ያሰረው ሰው ጠላቶቹ እናንተ መሆናችሁን ይበልጥ ያምናል። የሃይማኖት አባታችሁን ቀድመሽ አማክሪ፤ «ጸሎቱም መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ» ካሉ አባትሽ ይሰማሉ። ለትምህርቱም አትጨነቁ፤ የሐኪም ማስረጃ ይዞ የዊዝድሮዋል ቅጽ ይሙላ፣ ሲሻለው ይመለስበታል።